ሁለት ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ሣጥን

ሐሳቧን የገደለው ስብሰባ ነው። ጠላት ቢሆን ኖሮ ትታገለው ነበር፤ ስብሰባ ግን ፊት የለው፣ አንገት የለው፣ በምኑ ይያዛል?

የጓጉንቸር ሠሪው ልጅ ለንግድ ትርኢቱ ያሰበችው ማሳያ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነበር። ነጭ ግድግዳ። በመካከሉ ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል ማቆሚያ። በማቆሚያው ላይ አንድ ጓጉንቸር፣ ቁልፉ እላዩ ላይ እንደ ተሰካ። ከዚያ ወዲያ ምንም። አላፊው ያያል፤ እጁን ይሰዳል፤ ይዘጋዋል፣ ይከፍተዋል፤ ሲዘጋ «ቀጭ» የምትለዋን ድምፅ ይሰማል። ድምፁን የሰማ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የጠየቀ ሰው ቆሟል ማለት ነው፤ የሚገዛው ደግሞ የቆመ ብቻ ነው። እየሄደ የገዛ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም።

ይህን ከሰማይ አላወረደችውም። ሥራዋ ነው። ለቀለም ፋብሪካ፣ ለአልጋ ሠሪ፣ ለውሃ ማጣሪያ ሻጭ ስንትና ስንት ማሳያ ሠርታለች። የሰው እግር የት ላይ እንደሚዘገይ፣ የሰው ዓይን ምን ያህል ነገር ሲደረደርበት እንደሚደክም ታውቃለች። ባዕድ ምክሯን ይሰማል። የሥጋ ዘመድ ግን «አፍንጫሽን እየጠረግሁ ያሳደግሁሽ» ያለ ቀን፣ የትኛው ትምህርት ነው የሚመክተው?

በመጀመሪያው ስብሰባ አባቷ ንድፉን አገላብጦ፣ አገላብጦ፣ የወረቀቱን ጀርባ ሳይቀር አይቶ፣ «የቀረውስ?» አለ።

«የቀረ የለም አባዬ። ይኸው ነው።»

«አንድ ጓጉንቸር?»

«አንድ።»

«ሰው ታዲያ፣ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን አንድ ጓጉንቸር ብቻ ነው እንዴ የሠሩት አይልም?»

«ሰው ምንም አይልም። ያልፋል። እኔ የምፈልገው እንዳያልፍ ነው።»

አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ፣ ከወንበሩ ላይ እየተዘረጋ ሳቀ። «የኔ እናት፣ ባዶ ግድግዳማ ቤታችንም አለ። እሱን ለማሳየት አዳራሽ ድረስ ምን አስኬደን?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ «እሜቴ ባዶ» ሆነ። «እሜቴ ባዶ መጣች፣ ዕቃ ደብቁ»፤ «ምሳችንን ለእሜቴ ባዶ እንዳታሳዩ፣ ታነሳብናለች»። በብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠሩት ሳይቀሩ ለመዱት።

ባዶውም መሞላት ጀመረ። አጎቷ የወርክሾፑን ታሪክ ከአያት ጀምሮ ራሱ ጻፈና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ባነር አሳተመ፤ ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ለማንበብ አፍንጫ ማስነካት ይጠይቃል። አባቷ የምስክር ወረቀቶቹን ሁሉ፣ ጊዜው ያለፈበትን ጭምር፣ በየመስታወቱ አስገብቶ አመጣ። አክስቷ፣ የአጎቷ ሚስት፣ «እንዲያው ለዓይን እንዲሞላ» ብላ የፕላስቲክ አበባ ጨመረች። አንድ የአባቷ ወዳጅ፣ ከባንክ በጡረታ የወጣ ሰውዬ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ባንኮኒ የሌለው ንግድ ንግድ አይደለም» አለና ባንኮኒ ተጨመረ፤ ያውም በፊት ለፊት፣ መግቢያውን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ።

«ይህ እኮ አጥር ነው» አለች። «የምንፈልገው ሰው እንዲገባ ነው ወይስ እንዳይገባ?»

አባቷ ጢሙን አሻሸ። «ጓጉንቸር ሠሪዎች ነን ልጄ። እንዳይገባ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል፤ ምክንያቱም በሳቅ ያለፈ ነገር ፈርመህ እንዳለፍከው ነው፣ ተመልሶ አይነሳም።

ስቃ የምታልፈው ነገር ቢሆንማ ምንኛ በወደደች። ግን አባቷ ከስብሰባው አስቀድሞ አንድ ቃል ተናግሮ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ማንንም ሳያይ፣ እንደ ተራ ወሬ፦ ከዚህ ትርኢት አንድ ትልቅ አከፋፋይ ካልተገኘ ማሽኖቹ ይቆማሉ። ከሌላ አገር ተሠርቶ ያለቀ ጓጉንቸር በካርቶን ይመጣል፤ ወርክሾፑ ስሙን ይለጥፍበታል፤ በቃ። እሷ ያደገችው እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። የነሐስ ብናኝ ከፀጉሯ ሳይወጣ ነው ትምህርት ቤት ትሄድ የነበረው። የጓጉንቸሩን ሞላ በጣቱ ተጭኖ ጤንነቱን የሚለይ ሰው ቁጭ ብሎ ተለጣፊ ወረቀት ሲለጥፍ ለማየት ዓይኗ አልደፍር አለ። እንግዲህ የተያዘው ነገር ይህ ነው፤ ወርክሾፑ ወይ ይሠራል፣ ወይ ይለጥፋል።

አከፋፋይዋ ማን እንደሆኑ ደግሞ ታውቃለች። በየከተማው የሕንፃ ዕቃ መደብር ያላቸው ሴትዮ ናቸው። በስልክ ለምና ለምና «በመክፈቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፣ አንድ ዙር ብቻ ነው የምዞረው» አስብላቸዋለች። አንድ ዙር! እግራቸው ባንኮኒው ፊት ካልቆመ አበቃ።

የምታሳያቸው ጓጉንቸር ቀጭኗ ናት። ቀጭኗን ከአባቷ ጋር ሆና ነው የወለደቻት፤ ከእጅ የምትገጥም፣ ጠርዟ የለሰለሰ፣ ስትዘጋ ድምጿ ጆሮ የሚያክም። ከቀጭኗ በፊት የነበረው ድቡልቡሉ ነው፤ አያቷ የፈጠሩት፣ የሽንኩርት ራስ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ኪስ የሚቀድ ብረት። ድቡልቡሉን አሁን የሚሠራው አጎቷ ብቻ ነው፣ መጋዘን ያለው ሰው ሲለምነው። «ከድቡልቡሉ ጋር ሰው ፊት አልቆምም» ብላ በስብሰባ ላይ ተናግራለች። አጎቷ ያን ዕለት አልሳቀም።

አሁን ስለ ሣጥኑ።

በዚህ ቤተሰብ አንድ ልማድ አለ። አያትየው ሲሞቱ ለሁለቱ ወንድ ልጆቻቸው አንዲት የብረት ሣጥን ተዉላቸው፣ በሁለት ጓጉንቸር የተዘጋች፤ አንዱን ቁልፍ ለታላቅ፣ አንዱን ለታናሽ፣ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይከፍት። ሽማግሌው ይህን ያደረጉት ልጆቹ እንዲስማሙ ይሁን እንዳይሰራረቁ እስከ ዛሬ አልተለየም። ልጆቹ ግን ትምህርቱን ከሣጥኑ አልፈው ለሁሉም ነገር አዋሉት። የመሣሪያ ቁምሣጥኑ ሁለት ጓጉንቸር አለው። የነሐስ መጋዘኑ ሁለት ጓጉንቸር አለው። ትርፍ ቁልፍ የሚባል ነገር ነውር ነው፤ «ትርፍ ቁልፍ ማለት ሌባን በደብዳቤ መጥራት ነው» ይላል አጎቷ።

እናም ያሉት የቀጭኗ ናሙናዎች በሙሉ፣ እጅ እንዲነካቸው የተሠሩት ናሙናዎች፣ እንዳይሰረቁ ተብሎ መዶሻ የማይበግረው ወፍራም የመስታወት ሣጥን ውስጥ ገቡ። ሣጥኑን የሠራው አጎቷ ነው። እንዳይነቀል የማጠፊያውን ካስማ በብየዳ ደፍኖታል። በሁለት ድቡልቡልም ተዘጋ።

«ጋሼ፣ ጓጉንቸር ሊሸጥ የመጣ ሰው ጓጉንቸሩን ይቆልፍበታል እንዴ?»

«ታዲያ ሸማኔ ራቁቱን ይሄዳል?» አላት።

ሞኝነት ከቀልድ ጋር ሲመጣ መልስ አይገኝለትም።

በመክፈቻው ዕለት ጠዋት፣ አዳራሹ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ ብቻዋን ገባች። በየቦታው መሰላል፣ የተቆረጠ ገመድ፣ ምንጣፍ የሚያጣብቁ ሰዎች። የራሳቸው ቦታ እንደ ስደተኛ ሻንጣ ታጭቆ ቆሟል። እጅጌዋን ሰበሰበች። ባነሩን ጠቅልላ ከመጋረጃው ኋላ አቆመችው። የምስክር ወረቀቶቹን አወረደች። አበባውን ካርቶን ውስጥ ከተተች። ባንኮኒውን እየጎተተች፣ እግሩ ወለሉን እያስጮኸ፣ ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችው።

ልክ ነበር። ነጩ ግድግዳ ተነፈሰ። ከመተላለፊያው ዳር ሆነህ ዓይንህ ያለ ምንም እንቅፋት መካከሉ ላይ ያርፋል። የቀረው አጎቷ መጥቶ ሣጥኑን መክፈትና አንዷን ቀጭን ማቆሚያው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እዚያ ቆማ ትንሽ ደስ አላት፤ ለዚያች ደስታ ነው ቀኑን ሙሉ የከፈለችው።

አጎቷ ከአባቷና ከአክስቷ ጋር ገባ። መጀመሪያ የሚያየው ጠፋበት፤ የራሱን ቦታ አልፎ ሊሄድ ነበር።

«ባነሬ የታለ?»

«ከመጋረጃው ኋላ ነው ጋሼ።»

«ተጠቅልሎ?»

«ተጠቅልሎ።»

«አባቴን ነው የጠቀለልሽው» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «የኔን አባት፣ ያንቺን አያት፣ እንደ ሰሌን ጠቅልለሽ ጥግ አቆምሽው።»

«ጋሼ፣ ማንም አያነበውም እኮ። ሰው እየሄደ—»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«የተወሰነውን» አለች። እስከ መጨረሻው አላነበበችውም። እንዲያውም ከሁለተኛው አንቀጽ አላለፈችም። ያን ጊዜ መዋሸት ይገባት ነበር፤ ሙግት ሲሞቅባት ግን ውሸት አይታያትም።

«እህ» አለ አጎቷ። በክንዱ የያዘውን ኮት ለበሰ። ቀስ ብሎ፣ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ እየቆለፈ ለበሰ፣ ሰው እንዲለምነው ጊዜ እየሰጠ። ማንም አልለመነውም፤ አባቷ በንዴት እሷን እያየ ነበር፣ እሷ በንዴት ወለሉን። ሄደ።

«መልሺው» አላት አባቷ። «ሁሉንም።»

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ራቅ ብለህ እየው፣ ከዚያ—»

«መልሺው አልኩሽ።»

መለሰችው። ባነሩን፣ ወረቀቶቹን፣ አበባውን ሳይቀር። ባንኮኒው ወደ አጥርነቱ ተመለሰ። የአዳራሹ በር ለሕዝብ ሲከፈት አባቷ ቁልፉን አወጣና የራሱን ድቡልቡል ከሣጥኑ ላይ ፈታ። ከዚያ ሁለተኛውን ጓጉንቸር አየው። ከዚያ እሷን አያት።

«ቁልፉን ይዞ ሄደ» አለ።

አክስቷ ስልኳን አወጣች። ደወለች፣ ደወለች። «ዘግቶታል» አለች። «ሲያኮርፍ እንዲህ ነው። የሚመጣው ሳንፈልገው ስንተወው ነው።»

ሕዝቡ መግባት ጀመረ፣ መግባቱን ቀጠለ፣ ደግሞም አለፈ። ማሳያ ሲከሽፍ ማየት ለምግብ ቤት ባለቤት ባዶ ወንበር እንደማየት አይደለም፤ የባሰ ነው። ሰው እዚያው ፊትህ ነው፣ ክንዱ ክንድህን ይነካል፣ ዓይኑ ግን ግድግዳህን እንደ ዘይት ተንሸራቶበት ያልፋል። እሷ ደግሞ የሚንሸራተትበትን ሥፍራ እያወቀች ነው የምታየው። እዚህ ጋ ባነሩ ላይ ያርፋል፣ ፊደል ያያል፣ ይደነግጣል። እዚህ ጋ ባንኮኒው ከሆዱ ጋር ይገናኛል፣ እግሩ ይዞራል። በመጨረሻ የተቆለፈ ሣጥን ያያል፤ የተቆለፈ ነገር ደግሞ «ላንተ አይደለም» ይላል።

አንድ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የጫማውን ክር አሰረና ሄደ። አንዲት ሴት ቆመች፤ ልጅቷ ፈጥና ቀረበቻት። «ሽንት ቤቱ በየት ነው?» አለች ሴትየዋ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ አበባውን ጠቁሞ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። አክስቷ ፊቷ በራ። «አላልኩም?» አለች። «አላልኩም ለዓይን?»

ጎረቤታቸው መጋዝና መሰርሰሪያ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የብረት ዘንግ አስሮ፣ መጋዙን ላላፊ አግዳሚው ያስይዛል። «ይሞክሩት፣ ይሞክሩት፣ እጅዎ ነው የሚነግርዎት።» ሰዎች ከበውታል። የእሷን ሐሳብ፣ ያቺኑ ባዶ ቦታና አንድ ነገር፣ ማንም ሳያስተምረው እየሠራበት ነው፤ ስብሰባ የሚጠራበት ዘመድ ስለሌለው። አንገቱን በግድግዳው ዳር አሾለከ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህ መሸጫ ነው ወይስ የንባብ ክፍል?»

«ሥራህን ሥራ።»

«እየሠራሁ ነው። አንቺን ፈርቼ ነው። አንዳንዱ ሰው ሊያነብ ቆሞ መንገድ እንዳይዘጋብኝ።»

«የሚያነብ አታገኝም፣ አይዞህ» አለች። እውነት ስለሆነ የበለጠ አናደዳት።

ከሰዓት ሆነ። አከፋፋይዋ በማንኛውም ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ። አባቷ ከባንኮኒው ኋላ እጁን አጣምሮ፣ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው መስሎ ተቀምጧል። ሣጥኑ ውስጥ ቀጭኖቹ በሰልፍ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ለማንም የማይደርሱ፣ ድምፃቸው የታፈነ።

«አባዬ» አለች፣ «እንቁረጠው።»

«ምኑን?»

«የጋሼን ድቡልቡል። እዚህ ጎረቤት መጋዝ አለ።»

አባቷ ዙሪያውን አየ፣ ሰው የሰማ ይመስል። «እዚህ? ሰው ፊት? ጓጉንቸር ሠሪው የገዛ ጓጉንቸሩን በመጋዝ ቆረጠው ይባላል እኮ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ከዚህ ወዲያ ምንድነው?»

«ካልተቆረጠ ደግሞ የምናሳያቸው ነገር የለንም። ባነሩን ነው የምናስነብባቸው?»

«ከተቆረጠ አበቃልን፤ ካልተቆረጠም አበቃልን።»

«ቶሎ የሚቆረጥ ይመስልሃል?»

ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ክፋቱ የታወቃት። አባቷ ወደ ድቡልቡሉ አየ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «በመጋዝ ሞክሮት የሚያውቅ የለም። እኛ በቁልፍ ነበር የምንከፍተው።»

ተነሣና ወንበሩን አዞረ። ፊቱን ወደ ነጩ ግድግዳ፣ ጀርባውን ለሣጥኑ ሰጥቶ ተቀመጠ። ፈቃድ መሆኑ ነው።

ባለመጋዙን ስትጠራው ዓይኑ ፈካ። በሰው ቦታ ሥራውን ማሳየት፣ ያውም ተለምኖ! «አንዴ ወዲያ ወዲህ ነው እህቴ፣ ሻይ ሳይፈላ ይወልቃል» አለ። ያሰባሰባቸውን ሰዎች እንደ እረኛ እየነዳ ይዟቸው መጣ። «እዚህ ኑ፣ እዚህ። የተቆለፈ ሣጥን ነው። ቁልፍ የለም። መጋዝ ግን አለ።»

ምላጩን የጓጉንቸሩ ቀለበት ላይ አሳረፈ። መጋዙ መጮህ ጀመረ። እሷ ቶሎ ይቆረጥ ብላ በልቧ ለመነች፤ የቤቷ ብረት ቶሎ እንዲሸነፍ፣ አያቷ የፈጠሩት ነገር እንደ ቅቤ እንዲከፈል። መለመኗ ራሱ አስጠላት፤ መለመኗን ግን አልተወችም።

ባለመጋዙ ጋለ። ትንሽ ቆሞ ላቡን ጠረገ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀለበቱ ላይ ጥፍር የጫረው የሚያህል መስመር አለ። ምላጩን አየ፤ ጥርሱ አልቋል።

«ይህቺ አሮጌ ነበረች» አለና አዲስ አስገባ።

«ቅድም አዲስ ናት ስትለን አልነበረም?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁን የሰማ ሌላ ሰው መጣ።

ሁለተኛዋ ምላጭ መካከል ላይ ስትደርስ «ጧ» ብላ ተሰበረች። አባቷ፣ ፊቱን እንዳዞረ፣ ጆሮው ተንቀሳቀሰ።

«ወንድሜ፣ የደነዘዘው መጋዙ ነው ወይስ አንተ?» አለ ሌላው።

«ና፣ ሞክረው እስቲ አንተ ጀግናው!»

አንድ ግዙፍ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ባንኮኒው ስለከለከለው፣ ከሁለት ሌሎች ጋር ሆኖ አነሣና ወደ መተላለፊያው ዳር ወረወረው ማለት ይቻላል። ሲገፉ ባነሩ ወደቀ። የሚያነሣው ሰው አልነበረም፤ ከነታሪኩ ምንጣፍ ሆነ። አክስቷ አበቦቿን ከሰው እግር ሥር እየለቀመች እቅፏ ውስጥ ሰበሰበች። ግዙፉ ሰው ታገለ፣ አቃሰተ፣ መጋዙን ለሚቀጥለው አቀበለ። ሰልፍ ተሠራ። የሚቀልድ፣ የሚወራረድ፣ የሚመክር። «ዘይት ጨምርበት።» «ዘይት ብረት ይቆርጣል እንዴ?» «አንተማ ወሬ ነው የምትቆርጠው።»

እሷ ከግድግዳው ተጣብቃ ቆማ አየች። ባንኮኒው የለም። ባነሩ የለም። አበባው የለም፤ የምስክር ወረቀቶቹንም የሰው ትከሻ ጋርዷቸዋል። ነጭ ግድግዳ፣ በመካከሉ አንድ ከወገብ ከፍ ያለ ነገር፣ እላዩ ላይ አንድ ጓጉንቸር፣ በጓጉንቸሩ ላይ የሰው እጅ። ንድፏ ነው። መስመር በመስመር ንድፏ ነው፤ ሕዝቡ ራሱ አጽድቶ ሠራላት። ጓጉንቸሩ ብቻ ነው የእሷ ያልሆነው።

አባቷ ወንበሩን መልሶ አዙሮ ነበር። ፊቱ ላይ ሊደብቀው የፈለገ ኩራት አለ፤ አልተደበቀለትም።

አከፋፋይዋ የደረሱት ያኔ ነው። አጭር ሴትዮ፣ ቦርሳቸውን በደረታቸው አሻግረው የያዙ። ሰውን በክርናቸው እየከፈሉ እስከ ሣጥኑ መጡ። መጋዙን ተቀብለው ሁለት ሦስቴ ሳቡት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጭረቱን ዳሰሱ።

«የናንተ ሥራ ነው?»

«ነው» አለች፣ ፈጥና። «ግን ለእርስዎ ላሳይ የፈለግሁት ውስጥ ያሉትን ነው። አዲሶቹ ናቸው። ቀጭኗን በእጅዎ ይዘው ስትዘጋ ድምጿን ቢሰሙት—»

«ክፈቺልኛ ልስማው።»

«አይከፈትም።»

ከዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ። ሴትየዋም ፈገግ አሉ። «አይከፈትማ» አሉ። «እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው፤ የማይከፈተውን።»

«ውስጦቹ—»

«ያምራሉ የኔ ልጅ። ያማረ ነገር ሳይ ነው የዋልኩት፤ ዓይኔ ደክሟል።» ወደ አባቷ ዞሩ። «ይህን ጥቁሩን ለመደብሮቼ በሙሉ መሥራት ትችላላችሁ?»

አባቷ እጁን ድቡልቡሉ ላይ ጣል አደረገ፣ የልጅ ራስ እንደሚዳስስ። «ሥራችን ነው» አለ።

«ነገ ሰው እልካለሁ» አሉና በመጡበት ክርን ሰው እየከፈሉ ሄዱ።

እንግዲህ ወርክሾፑ አይለጥፍም። ቶርኖው ይዞራል፣ ሞላው በጣት ይፈተናል። የለመነችው ሁሉ ሆነ። መደሰት ነበረባት፤ ለመደሰትም ሞከረች። አባቷ ግን አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ባዶውን ወለል፣ ነጩን ግድግዳ፣ መካከሉን፣ የሚገፋፋውን ሰው ዓይኑን እያንከራተተ አየ፤ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

«ልጄ» አላት፣ «እንዲህ እኮ ነበር መሆን ያለበት። አንድ ነገር። ሰው በእጁ የሚነካው። ምነው ከመጀመሪያው እንዲህ ብትዪን?»

አየችው። በስብሰባው ሁሉ ያለችው በሙሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ንድፉ፣ እርምጃው፣ ዓይኑ፣ እግሩ፣ አጥሩ። ሰውየው የምሩን ነው፤ አያሾፍባትም። ለሚያሾፍ መልስ አላት፤ የምሩን ለሚጠይቅ ግን ምን ይባላል?

«እንጃ አባዬ» አለች። «ሳልነግርህ ቀርቼ ነው።»

አጎቷ የመጣው አዳራሹ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀር፣ ጠራጊዎቹ ምንጣፍ መጥረግ ሲጀምሩ ነው።

«የት ነበርክ?» አለው አባቷ።

«ውጭ። መኪናው ውስጥ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«የሚጠራኝ ሰው ስጠብቅ ነበር» አለ አጎቷ። «ማንም አልመጣም።»

ባነሩን አየው። በታሪኩ ላይ ከላይ እስከ ታች የጫማ ዳና አለ፤ አያትየው ወርክሾፑን የከፈቱበት መስመር ላይ የግዙፉ ሰውዬ ተረከዝ በጉልህ ታትሟል። አፉን ሲከፍት አባቷ ቀደመውና ሁሉን ነገረው፤ መጋዙን፣ ምላጮቹን፣ ሴትዮዋን። አጎቷ መነጽሩን አደረገ። ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብሎ ጭረቱን ለረጅም ጊዜ መረመረ።

«የአባቴ ብረት ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ቁልፉን አወጣና አንዴ አዞረው። ጓጉንቸሩ ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተ።

እጇን አስገብታ አንዷን ቀጭን አወጣች። ዘጋቻት። «ቀጭ።» ያ ሁሉ የተደከመበት፣ ጆሮ የሚያክም ድምፅ፤ ሰሚው ሦስት ዘመድና አንድ መጥረጊያ የያዘ ሰው።

«ጥሩ ድምፅ ነው» አለ አጎቷ፣ ለመታረቅ ያህል። «ለመጋዙ ግን እንጃ።»

እሷም አታውቅም ነበር። ስለ ጠርዟ፣ ስለ ክብደቷ፣ ስለ ድምጿ ስንት ቀን አስባለች፤ አንድም ቀን ግን ምላጭ አስነክታት አታውቅም። ይህን ለአጎቷ ከምትነግረው ምላሷን ብትቆርጥ ይሻላታል። ቀጭኗን ኪሷ ውስጥ ከተተቻት።

ከዚያ መሥራት ጀመረች። ሳትጠይቅ፣ ስብሰባ ሳትጠራ። የምስክር ወረቀቶቹን አወረደች። አበቦቹን ለአክስቷ አሳቀፈቻት። ባንኮኒው በወደቀበት ቀረ። ሌሎቹን ቀጭኖች ከሣጥኑ አውጥታ ካርቶን ውስጥ ደረደረቻቸው። ባነሩን ከወለል አንስታ፣ የሁሉንም ዓይን እያየች፣ ጠቀለለችው፤ ጠቅልላም የመስታወቱ ሣጥን ውስጥ አጋደመችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አጎቷ።

«አያቴን ክቡር ቦታ እያስቀመጥኩ ነው። ውድ ነገር ይቆለፋል አላልክም?»

አጎቷ አሰበበት። ተንኮሉን ፈለገው፣ ከፊሉን ያገኘውም መሰለ፤ ግን ነገ ሰው ሁሉ በመጋዝ ሊደርስበት የሚታገለው ነገር የእሱ ጽሑፍ መሆኑ ደስ ሳይለው አልቀረም።

«እንግዲህ ባዶሽን አገኘሽ፣ እሜቴ ባዶ» አለ።

«የኔ ባዶ ይሄ አልነበረም ጋሼ።»

ክዳኑን መለሰች። የአባቷን ድቡልቡል፣ ጠዋት ፈትቶ ከሣጥኑ ጎን ያስቀመጠውን፣ አነሣችና ሰጠችው፤ ሁለት ካለ ዓይን ይከፈላል፣ አንድ ይበቃል። የአጎቷን ግን በቦታው አስገብታ፣ ቀለበቱን በሁለት እጇ፣ በሙሉ ክብደቷ ተጭና ቆለፈችው። ቁልፉን መልሳ መዳፉ ላይ አኖረችለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት።

«ይዘኸው ቤትህ ሂድ» አለችው። «ነገም እንዳትመጣ።»